የእግር ክር ቆራጯ ዳመሊ

ዳመሊ ስትመጣ በኮቴዋ ትታወቅ ነበር። ጀዝቃዝጋን ከተማ፣ ከመዳብ ማቅለጫው ጀርባ ባሉት ሰፈሮች፣ ሴቶቹ ገና ደረጃው ላይ እርምጃዋን ሲሰሙ «ደብዳቤ መጣ!» ይላሉ እንጂ ማን ነው ብለው አይጠይቁም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድላለች። በረዶው ጉልበት ድረስ ሲሞላ እንኳ ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንግታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ውሻ ሳይቀር መንገድ ይለቅላት ነበር። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ግን እውነቷን ነው።

እንግዲህ በዚያ አገር ልጅ «ወፌ ቆመች» ተብሎለት አንድ ሁለት እርምጃ ሲሞክር፣ ነጭና ጥቁር ክር ተገምዶ ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶቹ አንድ ላይ ይታሰሩበታል፤ ድግስም ይደገሳል። ክሩን በቢላ የሚቆርጠው እንዲያው የተገኘ ሰው አይደለም። ቀልጣፋ፣ አካሄዱ ያማረ ሰው ተመርጦ ይለመናል። ክሩ እንደተቆረጠ ቆራጩና ሌላ አንድ ሰው ልጁን ግራና ቀኝ ይዘው ያስሮጡታል። የቆራጩ እግር ለልጁ ይተላለፋል ይባላል፤ ቀልጣፋ ከቆረጠው ቀልጣፋ፣ ሰነፍ ከቆረጠው ሰነፍ፣ አንካሳ ከቆረጠው አንካሳ። ይባላል አልኩ እንጂ በዚያ ከተማ ይህን የምትጠራጠር እናት አላጋጠመችኝም።

ታዲያ ከዳመሊ የተሻለ እግር ከወዴት ይመጣል? የከተማው ግማሽ በእሷ ቢላ ነው የተፈታው። ገበያ መሃል ቆማ አላፊ አግዳሚውን በጣቷ እየጠቆመች «ያ የእኔ እግር ነው፤ ያቺም የእኔ ናት» ትላለች። አንድ ቀን አንድ ሰካራም እየተንገዳገደ ሲያልፍ ጓደኞቿ ሊያሳፍሯት «እሱስ?» ቢሏት፣ «እሱንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ አሁን የሚሄደው ግን በቮድካ እግር ነው» አለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ኪስ አውላቂ ሁለት ፖሊሶች ቀድሞ አመለጠ ተብሎ ሲወራ፣ «ሌብነቱን እናቱን ጠይቁ፤ ሩጫው ግን የእኔ ነው» ብላ ሰፈሩን በሳቅ ገደለችው።

ከሁሉ የምትኮራበት ግን የጎረቤቷ የካትሻ ልጅ፣ መይራም ነበር። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ክሩን ቆርጣ ስታስሮጠው እጇን አስለቅቆ ከአጥር ጋር የተላተመ ልጅ ነው። አድጎ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ፤ ቀጥሎም ጠፈርተኛ። ወደ ሰማይ የወጣ ዕለት ዳመሊ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጋ «እኔ የቆረጥኩት እግር ምድር አልበቃው አለ!» አለች። በዚያ ሳምንት ከእሷ ጋር ስለ ሌላ ነገር ማውራት የቻለ ሰው የለም።

የማትኮራበት አንድ እግር ቢኖር የምራቷ የራውሻን ነበር። ዳመሊ ጡረታ ስትወጣ የፖስታ ቦርሳውን የተረከበችው ራውሻን ናት፤ ያው ሰፈር፣ ያው ደረጃ፣ ያው ውሻ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዳመሊ በየጧቱ መስኮት ላይ ቆማ አወጣጧን እያየች ትተቻለች። «የሞላ ባልዲ የተሸከምሽ ነው የምትመስዪው! ይሄ አካሄድ ነው? ደብዳቤው ሳይደርስ ላኪው ይሞታል።» ራውሻን በቀን የስንቱን ሕንፃ ደረጃ ወጥታ የምትወርድ፣ አንድ ደብዳቤ አሳስታ የማታውቅ ሴት ናት። መልስ ግን አትሰጥም። አንገቷን ደፍታ «እሺ አፓ» ትላለች፤ አፓ የሚሏት እናትንም ትልቅ ሴትንም ነው። ባሏ ቦላት ቀኑን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይውላል፤ በእናቱና በሚስቱ መሃል ላለመግባት ደግሞ የጉድጓዱን ዝምታ ይዞ ቤት ይገባል።

በመጋቢት፣ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ ዳመሊ ድንች ልታወጣ ምድር ቤት ስትወርድ ከደረጃው ተንሸራተተች። ቀኝ ጉልበቷ እንደታጠፈ አልዘረጋም አለ። ጩኸቷን የሰማችው ራውሻን ብቻ ነበረች። ተሸክማ አወጣቻት፤ የበግ ላት አቅልጣ አሸቻት፤ በሱፍ ጨርቅ ጠቀለለችላት። ሐኪም ቤት እንሂድ ብትላት ዳመሊ እምቢ አለች። ከሐኪም ቤቱ ነርሶች ግማሾቹ ክራቸውን የቆረጠችላቸው ናቸው፤ ወሬው ባንድ ቀን ከተማውን ያዳርሰዋል።

«ለቦላት እንኳ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሰምተሻል?»

«እሺ አፓ።»

ከዚያ ወዲያ ውጭ ስትሆን ጥርሷን ነክሳ ቀጥ ትላለች፤ ቤት ስትገባ ግድግዳ ይዛ ታነክሳለች። የልጃችንን ክር ቁረጪልን ብለው የመጡ ሁለት እናቶችን፣ አንዷን «ጨረቃዋ እየጎደለች ነው» ብላ፣ ሌላዋን «ልጅሽ ገና አልጠናም» ብላ መለሰቻቸው። እውነቱን ብትናገር በማግስቱ ሌላ ቆራጭ እንደሚፈለግ ታውቃለች። ያኔ ዳመሊ ማን ናት? ከቤት የማትወጣ አንዲት ጡረተኛ አሮጊት! ይህን ማሰብ ከጉልበቷ ይበልጥ ያማት ነበር።

እንዲህ እያለች መስከረም ገባ። መይራም ስድስት ወር ጠፈር ላይ ከርሞ ሊመለስ ነው ተባለ። የሚያርፈው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ነው፤ ከተማው ደግሞ በዚያው ዕለት አደባባይ ወጥቶ ሊቀበለው ሽር ጉድ ይላል። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ካትሻ የዳመሊን በር አንኳኳች። አብሯት የበዓሉ አዘጋጅ ዙማባይ ነበረ፤ ክራባቱ አንገቱን ያነቀው፣ ወረቀት ከእጁ የማይጠፋ ሰው።

«ዳመሊ እህቴ» አለች ካትሻ፣ ሻይዋን ሳትነካ። «አምና ከጠፈር የተመለሰውን ሰውዬ አይተሽዋል። በወንበር ተሸክመው ነው ያመጡት። እዚያ ላይ ሲንሳፈፍ የከረመ እግር መሬት ይጠፋዋል አሉ። ልጄን በአገሩ ሰው ፊት እንደ ዕቃ ተሸክመውት ሲያልፉ ማየት አልችልም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሐኪም አይደለሁ።»

«እንደ ሕፃን መሄድ እንደገና የሚማር ከሆነ፣ እንደ ሕፃን ክሩ ይቆረጥለት። ያን ጊዜ የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። አሁንም አንቺው ቁረጪለት።»

ዙማባይ ጉሮሮውን ጠረገ። «በፕሮግራሙ ላይ አራት ደቂቃ ይዘንለታል። ከካባ ማልበሱ በኋላ፣ ከተማሪዎች መዝሙር በፊት።»

«አራት ደቂቃ!» አለች ዳመሊ። «እኔ በአራት ደቂቃ አንድ ሰፈር አዳርሳለሁ!»

አፏ ቀደማት። ሻይ ትቀዳ የነበረችው ራውሻን ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ዓይኗን ሰበረች። ካትሻ ግን እሺ እንዳለቻት ቆጥራ ተነሥታ ዳመሊን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ እያለቀሰች ሄደች።

እንግዶቹ እንደወጡ ራውሻን ስኒዎቹን መሰብሰብ ትታ ቆመች።

«አፓ፣ እግርዎ…»

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ያነክሳል።»

«ለሃያ እርምጃ አያነክስም። ለመይራም ስል በቢላ ስለት ላይም እሄዳለሁ።»

«ለሰው ዓይንማ ይሄዳሉ። የልጁስ እግር?» ራውሻን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የቆራጭ እግር ይተላለፋል የሚሉት እርስዎ ነዎት።»

ዘጠኝ ዓመት ያልመለሰች ምራት ያን ቀን መለሰች። የዳመሊ ደም ፈላ። «አይ ጉድ! ደረጃ ላይ እንደ ኤሊ የምትጎተት ልጅ ስለ እግር ልታስተምረኝ! ሂጂ ክሩን ግመጂ!»

«እሺ አፓ» አለች ራውሻን። ሄዳም ገመደች፤ ነጩን ከጥቁሩ አሳምራ፣ ለትልቅ ሰው እግር እንዲበቃ አድርጋ።

ሳምንቱን ሙሉ ዳመሊ ጓሮዋ ውስጥ፣ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ከጎረቤት ዓይን ጋርዷት ስትለማመድ ሰነበተች። ጉልበቷን አጥብቃ ትጠቀልላለች፣ አገጯን ታነሣለች፣ ትራመዳለች። ሰኞ አሥራ ሁለት እርምጃ ሳታነክስ ሄደች። ረቡዕ አሥራ ዘጠኝ። ዓርብ ሃያ ሦስት ደርሳ ማንም ሳያያት ብቻዋን አጨበጨበች። በዓሉ ቅዳሜ ነው። ከእንግዲህ ምን ይምጣ? አምስት ልጆች አሳድጋለች፣ አንድ ባል ቀብራለች፣ ሠላሳ አንድ ክረምት በበረዶ ተመላልሳለች። አንድ ጉልበት ያሸንፋታል?

ቅዳሜ ከተማው ነቅሎ ወጣ። የማቅለጫው ሠራተኞች ከነሥራ ልብሳቸው፣ ሽማግሌዎች ከነኒሻናቸው፣ ባለ ሁለት ክር ዶምብራቸውን የያዙ መቺዎች፣ ባንዲራ የያዙ ተማሪዎች፤ ሴቶቹ ደግሞ በእንግዳው ላይ የሚበትኑትን ከረሜላ በመቀነታቸው ቋጥረው። ዳመሊ መድረኩ ሥር በክብር ቦታ ቆማለች፣ ቢላዋ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ። «ወንበር ይምጣልሽ?» ቢሏት «ወንበር ለአሮጊት ስጡ» አለች። ራውሻን ከሕዝቡ ጋር ናት፤ በዓል ነው ተብሎ ፖስታ አይቀርምና ቦርሳዋን እንዳነገተች መጥታለች።

መኪናው መጣ። ከሕዝቡ የወጣው ጩኸት አደባባዩን አናወጠው። አራት ሰዎች አንድ የተደላደለ ወንበር ከመኪናው አወረዱ፤ በወንበሩ ላይ መይራም ነበር። ከረሜላው ዘነበ። ካባው በትከሻው ላይ ተደረበለት፤ ባርኔጣው ተደፋለት፤ ዳቦ ቀረበለት፤ ቁራሽ ቀመሰ። ፈገግ ይላል፣ እጁን ያወዛውዛል። ዳመሊ ግን ዓይኗ የሚሄደው ወደ እግር ነው። እግሮቹ እዚያ ወንበር ሥር የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ተቀምጠዋል።

መይራም አያትና ሳቀ። «አፓ ዳመሊ! ዛሬም ከአጥር ጋር ሊያላትሙኝ ነው?»

«አጥሩን አፍርሰነዋል፤ አንተን ፈርተን!» አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ነጭ የለበሰችው ሐኪም፣ ዶክተር ጋሊና፣ አልሳቀችም። «እንዲቆም የምፈቅደው ከሁለት ሰው ጋር ነው። አንዷ እኔ ነኝ። ከወደቀ ሁላችሁንም እጠይቃለሁ።»

ዳመሊ አሥራ አራት እርምጃ ተራመደች፤ አንድም አላነከሰችም። ክሩን ልታስር ስትንበረከክ ጉልበቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ላብ አጠመቃት። ድምፅ እንዳይወጣት ምርቃቱን ጮክ ብላ ጀመረች፤ ዙማባይም ማይክሮፎኑን አፏ ሥር ደቀነላት። ክሩን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ስትጠመጥም እግሩ ይንቀጠቀጣል። እንደ ትልቅ ሰው እግር አይደለም፤ ልክ እንደዚያ ጊዜው።

መይራም ጎንበስ ብሎ ማይክሮፎኑን በመዳፉ ሸፈነ። «አፓ» አለ በሹክሹክታ፣ «እናቴ እንዳትሰማ። እግሬን አላምነውም። ከመኪናው ስወርድ ሊከዳኝ ነበር፤ ፈርቻለሁ። ግን የሚቆርጡት እርስዎ ነዎት ሲሉኝ እሺ፣ እቆማለሁ አልኳቸው።» ከዚያ መዳፉን አነሣ።

ዳመሊ ቢላዋን ከቀይ ጨርቁ አወጣች። ከተማውን ማታለል ቀላል ነው፤ ስድስት ወር አታልላዋለች። ክሩን ቁርጥ ማድረግ ብቻ ነው የቀራት፤ ጭብጨባው የእሷ፣ ስሟም የእሷ እንደሆነ ይኖራል። ግን የዚህ ልጅ እግርስ? በሕይወቷ ሙሉ «የቆራጭ እግር ይተላለፋል» ስትል የኖረችው ለቀልድ ነበር? ቀልድ ከነበረ ያ ሁሉ ኩራቷ ባዶ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ አሁን ይህን የተበላሸ ጉልበቷን ለመይራም ልትሰጠው ነው። በእናቱ ፊት!

ቢላዋን መለሰችው።

«አልቆርጥም» አለች። ማይክሮፎኑ ቃሏን አደባባዩ ጥግ ድረስ አደረሰው።

ካትሻ ፊቷ አመድ መሰለ። «ዳመሊ፣ ምን ማለትሽ ነው? በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«አንቺን አይደለም፤ ራሴን ነው። ምን አፍጣችሁ ታዩኛላችሁ? ጉልበቴ ከመጋቢት ጀምሮ ተበላሽቷል። አነክሳለሁ። እናንተ ስታዩኝ ቀጥ እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ግድግዳ እይዛለሁ። ደብቄያችሁ ነበር። ጨረቃ ጎደለች ያልኳችሁም ውሸት ነው፤ ጨረቃዋ ደኅና ነበረች።»

አንዲት ሴት ከመሃል «ውይ!» አለች። ዙማባይ ማይክሮፎኑን ቀስ አድርጎ ሊያርቅ ሲል ዳመሊ እጁን ያዘች። «ቆይ! አራት ደቂቃዬ አላለቀም። ይሄ ልጅ ጤነኛ እግር ይገባዋል። ራውሻን! ራውሻን የት ነሽ?»

ሕዝቡ ዞሮ ፈለጋት። ራውሻን ከነቦርሳዋ ደርቃ ቀርታለች።

«ነይ እንጂ! ይህች ምራቴ ናት። ታውቋታላችሁ፣ በየቀኑ በራችሁን ታንኳኳለች። ዘጠኝ ዓመት በእኔ መንገድ ስትሄድ አንድም ቀን አልቀረችም፣ አንድም ቀን አልወደቀችም። እኔ አምስት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ አልነገርኳችሁም። በየጧቱ በመስኮት ሳያት ይህች ልጅ ከእኔ ትበልጣለች እላለሁ፣ በሆዴ። በአፌ ግን እሰድባታለሁ። ለምን? ቀናሁ። ቀናሁ ነው የምላችሁ! ሽማግሌዎቹ ይፍረዱብኝ። አሁን ነይና ይህን ክር ቁረጪ።»

ራውሻን ሕዝቡን እየሰነጠቀች መጣች። ቢላዋን ተቀብላ ጨበጠችው። ካትሻን አየቻት። ካትሻ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ በራስ ንቅናቄ እሺ አለቻት፤ ከዚያም ሮጣ ከአደባባዩ ወዲያ ማዶ ሄደችና ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች፣ ለሕፃን እንደሚቆመው።

«መንገድህ ይከፈት» አለች ራውሻን። ክሩን ባንድ ጊዜ በጠሰችው።

በግራ ራውሻን፣ በቀኝ ዶክተር ጋሊና ብብቱን ይዘው አነሡት። መይራም ተነሣ፣ ተወዛወዘ፣ ቆመ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሽማግሌ «ወፌ ቆመች!» ብሎ ጮኸ፤ በአንድ ጊዜ ከተማው ሁሉ ተቀበለው። አንድ እርምጃ። ሁለት። ራውሻን አትጎትተውም፣ አትቀድመውም፤ ትከሻዋን ሰጥታው እኩል ትራመዳለች። ሦስተኛው ላይ እግሩ ከዳው፤ ደግፋ አቆመችው፤ ቀጠለ። እናቱ ክንድ ውስጥ ሲገባ ካባውም ባርኔጣውም ወዳድቀው ነበር። እሷ የምትለው ምን እንደሆነ በጩኸቱ የሰማ የለም።

በዚህ ሁሉ መሃል ዳመሊን የሚያያት አልነበረም። ተንበርክካ ቀርታለች፤ ጉልበቷ አልነሣም ብሏል። አጠገቧ ያለው የጠፈርተኛው ባዶ ወንበር ነበር። የእጅ መደገፊያውን ይዛ፣ እያቃሰተች ወጥታ ተቀመጠችበት። ሰው በተሰበሰበበት ስትቀመጥ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። ወንበሩ ምንኛ ይመቻል!

ዙማባይ መጥቶ ፊቷ ተገተረ። «አፓ፣ ይሄ እኮ የጠፈርተኛው ነው!»

«ጠፈርተኛው በእግሩ ሄደ። ዓይን የለህም?»

እሱም ተማሪዎቹን ሊያዘምር ሄደ። መዝሙሩ መሃል ራውሻን ተመለሰች። ቦርሳዋ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው፤ የግማሽ ቀን ደብዳቤ ይጠብቃታል። ወንበሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የአማቷን ጉልበት በሱፉ ላይ ዳበሰችው።

«አፓ፣ ያሉት እውነት ነው? ወይስ ለእሱ ሲሉ ነው?»

ዳመሊ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ቁጣው አልመጣም።

«እውነት ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ ነገርኩሽ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።»

ራውሻን ግንባሯን አማቷ ጭን ላይ ደፍታ አለቀሰች። ዳመሊ ፀጉሯን ዳበሰችላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት።

«በቃ፣ በቃ። ሰዉ ደብዳቤ ይጠብቃል። እጅሽን ስጪኝና አስነሺኝ፤ እስከ ቤት አድርሺኝና ሂጂ።»

«መኪና ይፈለግ? በዚህ ጉልበት ይሄን ሁሉ ሰው አቋርጠው…»

«ይየኝ» አለች ዳመሊ።

ተነሣች። የምራቷን ክንድ ያዘች፤ አደባባዩንም መሃል ለመሃል፣ በግልጽ እያነከሰች ተሻገረችው።